የሰሜን አየርላንድ የፖሊስ እንባ ጠባቂ

የሰሜን አየርላንድ የፖሊስ እንባ ጠባቂ፣ በፖሊስ አባላት ላይ የሚቀርበውን የሕዝብ አቤቱታ ከፖሊስ ማዕርግና ትእዛዝ ውጭ በሆኑ መርማሪዎች የሚያጣራ ነጻ መሥሪያ ቤት ነው። ጽሕፈት ቤቱ በቤልፋስት ከተማ ሲሆን፣ ሥራውን የጀመረው በኖቬምበር ወር 2000 ዓ.ም. ነው (በዚህ መጣጥፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ፖሊስን በሲቪል ሰዎች ስለ መቈጣጠር በሚነገርበት ስፍራ ሁሉ ስሙ ቀድሞ የሚነሣውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በሌሎች አገሮች የተቋቋሙ ብዙ ቦርዶች ፖሊስ መርምሮ የዘጋውን መዝገብ ከመመልከት ያላለፈ ሥልጣን ሲኖራቸው፣ ይህ መሥሪያ ቤት ምርመራውን ከጥንቱ እስከ ፍጻሜው በራሱ እጅ ይዞ ይመራል።

በ1922 የተመሠረተው የቀድሞው የሰሜን አየርላንድ ፖሊስ፣ ማለትም የአልስተር ንጉሣዊ ፖሊስ፣ በአብዛኛው ከፕሮቴስታንት ወገን የተውጣጣ ነበረ፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ከሕዝቡ ከአርባ በመቶ በላይ የነበሩት የካቶሊክ ምእመናን በፖሊሱ ውስጥ የነበራቸው ድርሻ 8 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። ከ1960ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ ሠላሳ ዓመት በቈየው የሁከት ዘመን ወደ 3,500 የሚደርስ ሰው ሞቷል፤ ከእነዚህም መካከል ከ300 የሚበልጡት የዚሁ ፖሊስ አባላት እንደ ነበሩ ሳይጠቅሱ ማለፍ ከፍርድ ሚዛን መጕደል ነው። ይሁን እንጂ ተደብድቤአለሁ፣ ልጄ በግፍ ተገድሎብኛል ብሎ ለአቤቱታ የሚመጣው ሰው ቃሉን የሚሰጠው ለተከሳሹ ባልደረባ ነበረ። በ1988 የተቋቋመው የአቤቱታ ኮሚሽንም ቢሆን፣ ፖሊስ ፖሊስን ሲመረምር ከዳር ሆኖ ከመከታተል በቀር ራሱ የመመርመር ሥልጣን አልተሰጠውም።

ይህን ነገር እንዲያጠኑ የተሾሙት ሞሪስ ሄይዝ፣ ወገን ሳይለዩ የብዙ ሰዎችን ቃል ከሰሙ በኋላ በ1997 ባቀረቡት ጥናት፣ ምርመራው ነጻ መሆን ብቻ ሳይሆን ነጻ ሆኖ ለሕዝብ መታየትም እንዳለበት አሳሰቡ፤ በማግሥቱ ዓመት የወጣው የፖሊስ ዐዋጅም ሐሳባቸውን ሕግ አደረገው። የሁከቱን ዘመን ከዘጋው የዕርቀ ሰላም ስምምነት በኋላ በክሪስ ፓተን ሊቀ መንበርነት የተሰየመው ኮሚሽን ደግሞ በ1999 ባወጣቸው 175 የውሳኔ ሐሳቦች አዲሱን መሥሪያ ቤት አጸናው። በዚሁ መሠረት የፖሊሱ ስምና ሥርዓት በ2001 ሲለወጥ፣ አጠቃላይ አመራሩን የሚቈጣጠር 19 አባላት ያሉት የፖሊስ ቦርድ ተቋቋመ፤ የእያንዳንዱ ፖሊስ ጥፋት ግን ለእንባ ጠባቂው የተተወ ነው።

እንባ ጠባቂው ለአንድ የሰባት ዓመት ዘመን ብቻ የሚሾም ሲሆን፣ ዳግመኛ ለመሾም ሲል ሹመት ሰጪውን ደጅ እንዳይጠና ይህ ታላቅ ጥበቃ ነው። መርማሪዎቹ ተጠርጣሪ ፖሊስን የመያዝ፣ ቤትና ሰነድ የመፈተሽ ሥልጣን አላቸው፤ ወንጀል የተገኘ እንደ ሆነ መዝገቡ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይላካል፤ ጥፋቱ የሥነ ሥርዓት ከሆነ ለፖሊስ አዛዥ የቅጣት ሐሳብ ይቀርባል። ማንም ቅሬታ ባያቀርብም እንኳ እንባ ጠባቂው ለሕዝብ ጥቅም ሲል በራሱ ተነሣሽነት ምርመራ ሊጀምር ይችላል።

የመጀመሪያዋ እንባ ጠባቂ ወይዘሮ ኑዋላ ኦሎን የሕግ መምህርት ነበሩ። በ1977 በሚያስተምሩበት ተቋም ቦንብ ሲፈነዳ በማሕፀናቸው የነበረውን ፅንስ አጥተዋልና፣ የታጠቁት ሰዎች የሚያደርሱትን መከራ ከሌላ ሰው መማር አላስፈለጋቸውም። በኦገስት 15 ቀን 1998 በኦማ ከተማ 29 ሰዎችን የፈጀው ፍንዳታ እንዴት እንደ ተመረመረ ሲያጣሩ፣ ከፍንዳታው ዐሥራ አንድ ቀን አስቀድሞ፣ በኦገስት 15 በከተማዪቱ ፖሊሶች ላይ ጥቃት እንደሚደርስ በስልክ የተነገረው ማስጠንቀቂያ ለአካባቢው አዛዥ ሳይደርስ መቅረቱን አገኙ። በዲሴምበር 2001 ባወጡት መግለጫ ማስጠንቀቂያው ቢደርስ ኖሮ አደጋው ይቀር ነበር ለማለት እንደማይቻል በቅንነት ገለጹ፤ የዋናውን አዛዥ የአመራር ጕድለት ግን ሳይሸፋፍኑ ተናገሩ። አዛዡ በብርቱ ተቃወሙ፤ መሥሪያ ቤቱም እውነተኛ ሥልጣን እንዳለው ሕዝቡ ያወቀው ያን ጊዜ ነው።

ከዚህ የሚበልጥ ሥራቸው የተጀመረው ግን በአንድ አባት አቤቱታ ነው። ይህ ሰው በራሱ የፕሮቴስታንት ሰፈር ታጣቂዎች በ1997 የተገደለበት የሃያ ሁለት ዓመት ልጁ ደም ለምን ደመ ከልብ ሆኖ እንደ ቀረ ጠየቀ። የምርመራው ውጤት በጃንዋሪ 2007 ሲወጣ፣ የፖሊስ ልዩ የስለላ ክፍል ደመወዝ የሚከፍላቸው ጠቋሚዎች በብዙ ግድያ እንደ ተጠረጠሩና ክፍሉም ይህን እያወቀ እንዳቈያቸው፣ ከእነርሱም ለአንዱ ወደ 80,000 ፓውንድ የሚጠጋ ገንዘብ እንደ ተሰጠው ታወቀ። ጠቋሚው ተይዞ ለጥያቄ ሲቀርብ፣ የሚያሠማሩት የስለላ ሰዎች ራሳቸው አጠገቡ ተቀምጠው አንዳች የሚያስፈርድበት ቃል ከአፉ እንዳይወጣ ይጠብቁት ነበር፤ መዝገቦችም ጠፍተው ወይም ወድመው ተገኙ። በጊዜው የነበሩት አዛዥ ሂዩ ኦርድ ለሟቾቹ ቤተ ሰቦች ይቅርታ ጠየቁ። ሆኖም በዚያ ሥራ የተሳተፈ ፖሊስ ለፍርድ አልቀረበም፤ ጡረታ የወጡትም ባለ ሥልጣኖች አንዳንዶቹ ቃላቸውን ለመስጠት እንቢ አሉ። ጡረተኛን በምስክርነት የማስገደድ ሥልጣን ለመሥሪያ ቤቱ አለመሰጠቱ፣ ሕጉ ሲጻፍ ጀምሮ አብሮት የኖረ ትልቅ ጕድለት ነው።

በሁለተኛው እንባ ጠባቂ በአል ሃቺንሰን ዘመን መሥሪያ ቤቱ ራሱ ተፈታኝ ሆነ። በ1971 ዐሥራ አምስት ሰዎች ስለ ሞቱበት የመጠጥ ቤት ፍንዳታ በ2010 የተዘጋጀው መግለጫ ስሕተት ተገኝቶበት ከተመለሰ በኋላ፣ የወንጀል ፍትሕ ተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤት በሴፕቴምበር 2011 ባደረገው ፍተሻ የእንባ ጠባቂው ነጻነት ዝቅ ማለቱን መሰከረ፤ ሃቺንሰንም ጊዜያቸው ሳይፈጸም በ2012 ከሥልጣን ወረዱ። ያንን ፍተሻ የመሩት ማይክል ማጓየር በተራቸው ሦስተኛው እንባ ጠባቂ ሆነው መሾማቸው፣ በቅርቡ የነቀፉትን ቤት በገዛ እጃቸው እንዲጠግኑት ግዴታ ጣለባቸው፤ እርሳቸውም ተቋርጦ የነበረውን የሁከቱ ዘመን ግድያዎች ምርመራ እንደ ገና ቀጠሉ።

ማጓየር በ2016 ስለ ሎኪናይላንድ ግድያ ያወጡት መግለጫ፣ ማለትም በ1994 ስድስት ሰዎች በመጠጥ ቤት ውስጥ እግር ኳስ ሲመለከቱ ስለ ተገደሉበት ጕዳይ፣ ፖሊስ ከገዳዮቹ ጋር ተመሳጥሯል የሚል ነበርና ጡረተኛ ፖሊሶች በፍርድ ቤት ተከራከሩበት። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2020 እንባ ጠባቂ ፈራጅ ሆኖ አንድን ሰው ወንጀለኛ ብሎ ሊወስን አይገባውም አለ፤ ያገኘውን ማስረጃና የነገሩን አካሄድ ለሕዝብ ከመግለጥ ግን አልከለከለውም። ወሰን መሰጠቱ ተገቢ ነው፤ ያለ ክስና ያለ መከላከያ ስሙ የሚጐድፍ ፖሊስም ፍትሕ የሚገባው ሰው ነውና።

በ2023 በለንደን ምክር ቤት የወጣው ስለ ሁከቱ ዘመን የተደነገገ ሕግ፣ ከሜይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ እስከ 1998 የተፈጸሙትን ከሁከቱ ጋር የተያያዙ ጕዳዮች ከእንባ ጠባቂው ወስዶ ለአዲስ ኮሚሽን አስተላለፈ፤ መልስ ሲጠባበቁ የኖሩ ቤተ ሰቦችም አቤቱታቸውን እንደ ገና በሌላ ደጅ ለመጀመር ተገደዱ። በመንገድ ላይ ስለሚደረግ ፍተሻ፣ በፖሊስ እስር ስለሚደርስ ጕዳት፣ ስለ ስድብና ስለ ቸልተኝነት የሚቀርበው፣ በየዓመቱ ወደ 3,000 የሚጠጋው አቤቱታ ግን ዛሬም የሚመረመረው በዚሁ መሥሪያ ቤት ነው።