የመኪና ልብስ

የመኪና ልብስ ለረጅም ጊዜ ቆሞ የሚቆይ ተሽከርካሪን ከፀሐይ፣ ከዝናብ፣ ከአቧራና ከወፍ ኩስ ለመከላከል የሚለበስ ከጨርቅ የተሰፋ መሸፈኛ ነው። ከወፍራም የጥጥ ጨርቅ የሚሠራው ቀደምት ዓይነቱ የመኪና ሸራ ይባላል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ካራቫንም እንዲህ ያለ ልብስ ይለብሳል። በመኪና የሚጎተተው ይህ የመንገደኛ ቤት በበጋ ጥቂት ሳምንታት አገልግሎ የቀረውን የዓመቱን ክፍል በአንድ ቦታ ቆሞ ያሳልፋል። በአዲስ አበባ ካራቫን እምብዛም አይታይም፤ ልብሱ የሚለበሰው በመንገድ ዳርና በግቢ ውስጥ ለሚቆሙ የቤት መኪኖች ነው። ችግሩም መፍትሔውም ግን በሁለቱ ዘንድ አንድ ነው።

ውቤ በረሃን የመሰለ አሮጌ ሰፈር ልብሱ ለምን እንደሚያስፈልግ በግልጽ ያሳያል። ሰፈሩ ስያሜውን ያገኘው ከደጃዝማች ውቤ አጥናፍሰገድ ሲሆን የሚገኘውም በአራዳ፣ ከፒያሳ አጠገብ ነው። የመጀመሪያው አውቶሞቢል ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ አዲስ አበባ የደረሰው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ የአራዳ አካባቢ አሰፋፈር ግን ከዚያ በፊት መልክ መያዝ ጀምሯል። የውስጥ ለውስጡ መንገድ ለእግረኛና ለበቅሎ የተተወ፣ ቤቱ ጭቃና ቆርቆሮ፣ ግቢው ለብዙ ቤተሰብ የጋራ በመሆኑ መኪና ማስገቢያ ያለው ቤት ጥቂት ነው። በመሆኑም መኪና ያለው ሰው ወይ በዋናው መንገድ ዳር ለጥበቃ አደራ ሰጥቶ ያቆማል፣ ወይ ሰፊ ግቢ ያለው ዘመድ ጋ ያስጠጋል። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ከፒያሳና ከአካባቢው የድሮ ቤቶች ብዙዎቹ ሲፈርሱ እንዲህ ያሉ ግቢዎችም አብረው ጠፍተዋል። ወደ ኮንዶሚኒየም የተዛወረ ነዋሪ መኪናውን የሚያቆመው ገላጣ ሜዳ ላይ ነው።

መኪናው ይህን ያህል እንክብካቤ የሚያገኝበት ሌላም ምክንያት አለ። በኢትዮጵያ መኪና እንደ ቤትና እንደ ወርቅ የሚያዝ ሀብት ነው። አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ዕድሜያቸው በገፋ ተሽከርካሪዎች ላይ እጅግ ከፍተኛ ኤክሳይዝ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖችን ከውጭ ማስገባት ተከልክሏል። ስለዚህ ባለቤቱ ውጭ አገር የሄደበት ቮልስዋገን ወይም ከታክሲነት የወጣ ላዳ አይጣልም፤ ለብሶ ይቆማል።

የአዲስ አበባ አየር ለቆመ መኪና ለስላሳ መስሎ የሚጎዳ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጥ ከፍ ብላ፣ ከምድር ወገብም 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ርቃ ትገኛለች። የአልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር አየሩ ቀዝቀዝ ቢልም ፀሐዩ ብርቱ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደመና አልባ ወቅት የመኪና ቀለም ይደበዝዛል፣ ዳሽቦርድ ይሰነጠቃል፣ የበርና የመስታወት ጎሚኒ ይደርቃል፣ ጎማም ከጎኑ ይሰነጣጠቃል። የዓመቱ ዝናብ 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ግማሽ የሚጠጋው የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። የደረቀው ጎሚኒ ውኃ ማሳለፍ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው፤ የበጋው ጉዳት የሚታወቀው በክረምት ነው ማለት ይቻላል። በካራቫንም ውኃ በብዛት የሚገባው በጣሪያው መጋጠሚያና በመስኮቱ ዙሪያ ሲሆን ግድግዳው ውስጥ እንጨት ካለ ከውጭ ምንም ሳይታይ ይበሰብሳል።

ጥሩ ልብስን ከመጥፎው የሚለየው ውኃ መከልከሉ ብቻ አይደለም፤ እንፋሎት ማሳለፉም ነው። ብዙ ገዢ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ማታ ላሜራው ሲቀዘቅዝ ከሥሩ ያለው እርጥብ አየር ጤዛ ሆኖ ይያዝበታል። ከመሬት የሚነሣው እርጥበትም ይታከልበታል። ጨርቁ የሚተነፍስ ከሆነ ይህ ውኃ ረፋዱ ላይ ተንኖ ይወጣል። ላስቲክ ከሆነ ግን መውጫ አጥቶ እዚያው ይዞራል። የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ ሲያልፍ የብረት ዝገት በጣም ይፋጠናል። በክረምት በላስቲክ ተጠቅልሎ የቆመ መኪና ሥሩ ያለው አየር ደግሞ ከዚያ እምብዛም አይወርድም። ቀለሙ ያብጣል፣ ወንበሩ ይሻግታል። ከዚህ ዓይነቱ ሽፋን ምንም ሳይለብስ ዝናብ የመታው መኪና ይሻላል፤ ቢያንስ ፀሐይ ሲወጣ ይደርቃል።

ልብሱ ከምን እንደተሠራ ማወቅ ከዋጋው ይበልጥ ይጠቅማል። የጥጥ ሸራ ሲረጥብ ክሩ አብጦ ቀዳዳውን ስለሚዘጋ ውኃ ይመልሳል፣ ሲደርቅም ይተነፍሳል፤ ነገር ግን ይከብዳል፣ እርጥብ ከቆየም ሻግቶ ይበሰብሳል። ፖሊፕሮፒሊን ርካሽና ቀላል ነው፤ ከጨረር የሚከላከል ንጥረ ነገር ካልተጨመረበት ግን በከፍታ ቦታ ፀሐይ በአጭር ጊዜ ይፈረፈራል። ፖሊስተር ከዚህ ይበረታል። ከሁሉም የሚረዝም ዕድሜ ያለው ክሩ ከመፈተሉ በፊት ቀለም የገባበት አክሪሊክ ሲሆን ዋጋውም በዚያው ልክ ነው። በፕላስቲክ የተለበጠው የጭነት መኪና ሸራ ለእህልና ለስሚንቶ ጭነት ተስማሚ ነው፤ በቤት መኪና ቀለም ላይ ሲሳብ ግን ይፍቃል፣ እንፋሎትም አያሳልፍም። ልብሱ ከመኪናው ጋር የሚነካካበት ገጽ ለስላሳ የጥጥ ገበር ቢኖረው ይመረጣል።

አለባበሱም ከልብሱ እኩል ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። መኪናው ሳይታጠብ ከለበሰ ከሥሩ የቀረው አቧራ ነፋስ ጨርቁን ባንቀሳቀሰ ቁጥር እንደ ብርጭቆ ወረቀት ቀለሙን ይፈገፍጋል። ፍርስራሽና ግንባታ ባለበት አካባቢ ይህ አቧራ ብዙ ነው። ሞተሩና የጭስ ማውጫው እስኪቀዘቅዙም መጠበቅ ግድ ነው። እንደ ስፖኪዮ፣ አንቴናና ፖርቶመጋላ ያሉ ሹል ቦታዎች በአሮጌ ጨርቅ ወይም በተሰነጠቀ የውኃ ጎማ ካልተጠቀለሉ ልብሱ መጀመሪያ የሚቀደደው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ ከጣሪያው ተጀምሮ ወደ ሁለቱ ጫፍ ይዘረጋል። ሰፊ ልብስ ሲያራግብ ስለሚፍቅ በመኪናው ልክ የተሰፋ ይሻላል። ማሰሪያው በመኪናው ሆድ ሥር ያልፋል። በላይ በኩል በገመድ መጥፈር ግን ቀለሙን በመስመር ይልጣል። የታችኛው ጠርዝ መሬት እንዲነካ አይደረግም፤ አየር የሚገባው በዚያ ነው።

ልብስ የለበሰ መኪና ተረስቶ ይቀራል፤ ትልቁ አደጋም ይኸው ነው። አይጥ ከሥሩ ጨለማና ሙቀት ስለሚያገኝ በሞተሩ ውስጥ ጎጆ ይሠራል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦም ይቆረጥማል። ድመት በበኩሏ ኮፈኑ ላይ መተኛት ትወዳለች፤ አይጡን ብታርቅም ጨርቁን በጥፍሯ ትተለትለዋለች። ከዛፍ ሥር ቅጠል፣ ሙጫና የወፍ ኩስ በልብሱ ላይ ይከማቻል፤ ይህ በየጊዜው ካልተጠረገ እርጥበት ይዞ ጨርቁን ያበሰብሳል። በክረምት ዝናቡ ባበራ ቀን ልብሱን ገልጦ፣ በሮቹን ከፍቶ፣ መኪናውን ማናፈስ ያስፈልጋል። እርጥብ ልብስ ታጥፎ አይቀመጥም።

መኪናው ወራት የሚቆም ከሆነ ልብስ ብቻውን አይበቃውም። የባትሪው ነጌቲቭ ገመድ ይነቀላል፤ ጎማው በአየር ይሞላል፣ ቢቻል መኪናው በእንጨት ወይም በብረት ማስደገፊያ ላይ ይነሣል። ልብሱ ካጠረ የጎማው ጎን ለብቻው ይጋረዳል። የበረዶ ነገር ሲመጣ ደግሞ ተራ ልብስ እምብዛም አያስጥልም፤ ጭረትን ይቀንስ ይሆናል እንጂ ላሜራው ከመጎድጎድ አይድንም። ለዚህ ያለው መፍትሔ የቆርቆሮ ጥላ ነው፤ ግድግዳ በሌለው ቆርቆሮ ሥር የሚለበስ ቀላልና የሚተነፍስ ጨርቅ ከማንኛውም ውድ ልብስ የበለጠ ያገለግላል።

ከስርቆት አንጻር ልብሱ ሁለት ፊት አለው። መኪናው ምን ዓይነት እንደሆነና ውስጡ ምን እንዳለ ይሰውራል፣ ስፖኪዮ ለመንቀል የመጣውንም ያዘገያል። በሌላ በኩል ብዙ ቀን ሳይነካ የቆየ ልብስ ባለቤቱ በአካባቢው እንደሌለ ይናገራል፤ አዲስ ልብስም ራሱ ይሰረቃል። በታችኛው ጠርዝ ባሉት የብረት ቀለበቶች ቀጭን የሽቦ ገመድ አሳልፎ መቆለፍ የተለመደ ነው። ጨርቁ በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ቤት ከቤት በተያያዘበት ሰፈር ከከሰል ምድጃና ከቆሻሻ ማቃጠያ ርቆ መቆም አለበት፤ የእሳት አደጋ መኪና የሚያልፍበትንም መንገድ መዝጋት የለበትም።

የልብሱ ዕድሜ ማብቃቱ በእጅ ይታወቃል። በጣት ሲቆነጠጥ የሚፈረፈር፣ ስፌቱ የሚሳሳ ወይም በላዩ የፈሰሰ ውኃ ወዲያው ወደ ውስጥ የሚሰርግ ልብስ ይቀየራል፤ ብናኙ ቀለሙ ላይ ስለሚጣበቅ እያደር የሚያስከትለው ወጪ ከአዲሱ ልብስ ዋጋ ይበልጣል።