የተራራ ብስክሌት መንገዶች በጎ ፈቃደኛ ጠባቂዎች፦ ሥልጠናቸውና የሥልጣናቸው ወሰን

በአሜሪካ ብሔራዊ ደኖች፣ ፓርኮችና የመዝናኛ ሥፍራዎች በሚገኙ የተራራ መንገዶች ላይ በብስክሌት እየተዘዋወሩ የተጎዱትን የሚረዱ፣ ጎብኚዎችን የሚያስተምሩና የመንገዱን ሁኔታ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት የሚያሳውቁ በጎ ፈቃደኞች የተራራ ብስክሌት ጠባቂዎች ተብለው ይጠራሉ። ጠባቂዎቹ ደመወዝ አይከፈላቸውም። የጦር መሣሪያ አይታጠቁም፤ ሰው የመያዝም ሆነ ቅጣት የመጣል ሥልጣን የላቸውም። የሚሰጣቸው ሥልጠናም ይህንኑ የሥልጣን ወሰን መነሻ ያደረገ ነው።

የአሜሪካ የደን አገልግሎት ብቻ 78 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት ያስተዳድራል። ይህን ያህል ስፋት ያለውን መሬት በደመወዝተኛ ጠባቂዎች ብቻ መሸፈን አዳጋች በመሆኑ መሥሪያ ቤቶቹ በበጎ ፈቃደኞች ይታገዛሉ። ይሁንና ሥልጠና ያላገኘ ፈቃደኛ የተጎዳን ሰው ያለአግባብ ቢያንቀሳቅስ ጉዳቱን ሊያባብስ፣ ከጎብኚ ጋር ቢጋጭም መሥሪያ ቤቱን ሊያስጠይቅ ይችላል።

የአገልግሎቱ አመጣጥ

የተራራ ብስክሌት እንደ ስፖርት የተጀመረው በሰሜን ካሊፎርኒያ ማሪን ካውንቲ እ.ኤ.አ በ1970ዎቹ ነው። ሪፓክ በመባል የሚታወቀው የቁልቁለት ውድድር በፌርፋክስ ከተማ አቅራቢያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው እ.ኤ.አ በ1976 ነበር። እ.ኤ.አ በ1980ዎቹ ብስክሌቱ በፋብሪካ በብዛት መመረት ሲጀምር ቀድሞ እግረኞችና ፈረሰኞች ብቻ ይጠቀሙባቸው በነበሩ ጠባብ መንገዶች ላይ ግጭት ተፈጠረ። የመሬት አስተዳዳሪዎችም በርካታ መንገዶችን ለብስክሌት ዘጉ። የደን አገልግሎቱም ሜካኒካዊ መጓጓዣን በሚከለክለው እ.ኤ.አ በ1964 በወጣው የዱር አካባቢዎች ሕግ መሠረት፣ ብስክሌት በእነዚህ አካባቢዎች እንዳይገባ እ.ኤ.አ በ1984 በደንብ ግልጽ አድርጓል።

ሁኔታው ያሳሰባቸው የካሊፎርኒያ የብስክሌት ክለቦች እ.ኤ.አ በ1988 ዓለም አቀፍ የተራራ ብስክሌት ማኅበርን መሠረቱ። ማኅበሩ ብስክሌተኞች በተፈቀደ መንገድ ብቻ እንዲጓዙ፣ የመንገዱን ተፈጥሮ እንዳይጎዱ፣ ፍጥነታቸውን እንዲቆጣጠሩ፣ ለሌሎች ቅድሚያ እንዲሰጡ፣ እንስሳትን እንዳያስደነግጡና ከመነሳታቸው በፊት በቂ ዝግጅት እንዲያደርጉ የሚያሳስቡ ደንቦችን አውጥቷል። የበጎ ፈቃደኛ ጠባቂዎች ቡድኖችም የተስፋፉት ከዚሁ እንቅስቃሴ ጋር ነው። የቡድኖቹ ተግባር መርዳት፣ ማስተማርና ማሳወቅ በሚሉ ሦስት ቃላት ይጠቃለላል።

አገልግሎቱ የአደጋ ዕርዳታ ልምድ የቀሰመው ከበረዶ ሸርተቴ ጠባቂዎች ነው። ቻርልስ ማይኖት ዶል የተባሉ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ በ1936 በቬርሞንት ግዛት ስቶው በሚባል ሥፍራ ሲንሸራተቱ ቁርጭምጭሚታቸው ተሰበረ። የሠለጠነ ረዳት በአካባቢው ባለመኖሩ በብርድ ላይ ረጅም ጊዜ ቆይተው በመጨረሻ ከተራራው የወረዱት በጓደኞቻቸው አማካይነት በቆርቆሮ ላይ ተጎትተው ነበር። ከረዷቸው ጓደኞቻቸው አንዱ ፍራንክሊን ኤድሰን ብዙም ሳይቆይ በዚያው ዓመት በሸርተቴ ውድድር ላይ በደረሰበት አደጋ ሕይወቱ አለፈ። ዶል ከዚህ በኋላ የአደጋዎችን መንስኤ ማጥናት ጀመሩ። ጥረታቸውም እ.ኤ.አ በ1938 ብሔራዊ የበረዶ ሸርተቴ ጠባቂዎች ድርጅት እንዲቋቋም ምክንያት ሆኗል።

የሥልጠናው ይዘት

የሥልጠናው የመጀመሪያ ክፍል የሕክምና ዕርዳታ ነው። ሠልጣኙ ወደ ተጎዳው ሰው ከመቅረቡ በፊት የአካባቢውን ደኅንነት እንዲያረጋግጥና ከላይ የሚመጡ ብስክሌተኞችን የሚያስቆም ሰው እንዲመድብ ይማራል። ቀጥሎም የተጎጂውን ንቃት፣ አተነፋፈስና የደም መፍሰስ ይመረምራል። በራስ ወይም በአከርካሪ ላይ ጉዳት ደርሷል ብሎ ከጠረጠረ ሌላ አደጋ ካላስገደደው በቀር ተጎጂውን ከቦታው አያንቀሳቅስም። ልቡ ቆሞ እስትንፋስ ላጣ አዋቂ ሰው በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር በሚደርስ ጥልቀት ደረትን የመጫን ልምምድም ያደርጋል።

ከዚህ የላቀ ብቃት ለሚሹ የበረዶ ሸርተቴ ጠባቂዎች ድርጅት ከሕክምና ተቋማት ርቀው ለሚደርሱ አደጋዎች ያዘጋጀው ኮርስ አለ። ኮርሱን የተከታተሉ ጠባቂዎች በየዓመቱ የይዘቱን አንድ ሦስተኛ እየከለሱ በሦስት ዓመት ውስጥ ሙሉውን ያድሳሉ።

ሁለተኛው ክፍል የመገናኛና የአቅጣጫ ትምህርት ነው። ከአውራ ጎዳና ርቆ የወደቀ ሰው ሕይወት ብዙ ጊዜ የሚወሰነው ረዳቶች በትክክል የት እንዳለ ቶሎ በማወቃቸው ላይ ነው። ስለሆነም ሠልጣኙ ካርታ ማንበብ፣ ያለበትን ሥፍራ በአኃዝ መግለጽ፣ በሬዲዮ አጭርና ግልጽ መልዕክት ማስተላለፍ ይማራል። ከብስክሌት ጥገና ጋር የተያያዙ ተግባራትንም ይለማመዳል። በየዕለቱ የሚያጋጥመው ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ የፈነዳ ካላማዳሪ፣ የተበጠሰ ካቴና ወይም መንገድ የጠፋበት ጎብኚ በመሆኑ ፓምፕ፣ መፍቻ፣ ትርፍ ካላማዳሪና ተጨማሪ ውኃ ይዞ ይጓዛል።

ሦስተኛውና ብዙ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ክፍል ከጎብኚዎች ጋር የሚደረግ ግንኙነት ነው። በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ጆርጅ ዋላስ ያዳበሩት ዘዴ በዚህ ረገድ በስፋት ይታወቃል። ዘዴው የሕጉን አስገዳጅነት ከማስቀደም ይልቅ የድርጊቱን ውጤት ማስረዳትን ይመርጣል። ለምሳሌ በጭቃ ወቅት በተዘጋ መንገድ ለሚነዳ ሰው ጠባቂው ራሱን ካስተዋወቀ በኋላ ጎማው የሚተወው ቦይ የዝናብ ውኃ እንደሚያጠራቅም፣ ውኃውም አፈሩን ጠርጎ መንገዱን እንደሚያጠፋ ይገልጻል። ከዚያም ክፍት የሆነውን ሌላ መንገድ ይጠቁመዋል። ሰውየው እምቢ ቢል ጠባቂው አይከራከርም፤ አያሳድድም፤ መንገድም አይዘጋም። ሰዓቱን፣ ሥፍራውንና ያየውን መዝግቦ ለመሥሪያ ቤቱ ያቀርባል።

ጠባቂው ራሱም በሥነ ሥርዓት አርአያ መሆን ይጠበቅበታል። ፈረሰኛ ሲያጋጥመው ቆሞ ከብስክሌቱ ይወርዳል፤ ወደ መንገዱ ቁልቁለት ጎን ፈቀቅ ብሎም ፈረሱ የሰው ድምፅ እንዲሰማ በለሆሳስ ይናገራል። ለእግረኞችም ቅድሚያ ይሰጣል።

የሕግ መሠረት

እ.ኤ.አ በ1970 የጸደቀው የፓርኮች በጎ ፈቃደኞች ሕግና እ.ኤ.አ በ1972 የወጣው የብሔራዊ ደኖች በጎ ፈቃደኞች ሕግ መሥሪያ ቤቶቹ ያለክፍያ የሚሰጥ አገልግሎትን እንዲቀበሉ ይፈቅዳሉ። በሕጎቹ መሠረት ፈቃደኛው በአጠቃላይ እንደ መንግሥት ሠራተኛ አይቆጠርም። ሆኖም በሥራ ላይ ለሚደርስበት ጉዳት ካሣ በሚመለከትና በተመደበበት ሥራ ምክንያት በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊነትን በሚመለከት የሠራተኛ ያህል ከለላ ያገኛል። መሥሪያ ቤቶቹ የመጓጓዣ፣ የደንብ ልብስና የመሳሰሉትን ወጪዎች ሊሸፍኑም ይችላሉ።

የፓርኮቹ ሕግ ፈቃደኞች በሕግ ማስከበር ሥራና በፖሊሲ አወጣጥ ላይ እንዳይሰማሩ፣ ቋሚ ሠራተኞችንም እንዳይተኩ ይከለክላል። አደገኛ ሥራም የሚፈቀደው አስፈላጊው ችሎታ እንዳላቸው ለተረጋገጠ ፈቃደኞች ብቻ ነው። ከለላው ተፈጻሚ የሚሆነው ፈቃደኛው በተመደበበት ተግባር ላይ ሲገኝ በመሆኑ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር የሚፈረመው የአገልግሎት ስምምነት የሥራውን ዝርዝር በግልጽ ማስፈር ይኖርበታል። ከተሰጠው ተግባር ወጥቶ ጎብኚን ለመያዝ የሚሞክር ጠባቂ ራሱን ለአደጋ ከማጋለጡም በላይ የሕጉን ከለላ ሊያጣ ይችላል።

ጠባቂዎቹ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ያገለገሉበትን ሰዓት፣ ያነጋገሯቸውን ሰዎች ብዛት፣ የወደቁ ዛፎችንና የተሸረሸሩ ሥፍራዎችን በሪፖርት ያቀርባሉ። መሥሪያ ቤቶቹም ሪፖርቱን ለጥገና ዕቅድና መንገድን ለመክፈት ወይም ለመዝጋት ለሚሰጡት ውሳኔ በግብዓትነት ይጠቀሙበታል።