የሜተድ ፍለጋ ታሪክ

በኦብጀክት ላይ በተመሠረቱ የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች፣ ፕሮግራመሩ የሚያስፈልገው ሥራ ብዙ ጊዜ በክላስ ላይብረሪው ውስጥ ሜተድ ሆኖ ቀድሞ ተጽፎ ይገኛል። አስቸጋሪው ነገር መኖሩን ማወቅና ያለበትን ክላስ መለየት ነው። ሜተዱን ያላገኘ ሰው ያንኑ ኮድ እንደገና ይጽፋል። ላይብረሪዎች እየሰፉ ሲሄዱም የፍለጋው ዘዴ አብሮ መለወጥ ነበረበት።

ችግሩን ቀድመው ከተጋፈጡት መካከል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ፣ ፓሎ አልቶ በነበረው የዜሮክስ ምርምር ማዕከል ስሞልቶክ የተባለውን ቋንቋ የሠሩት አለን ኬይ፣ ዳን ኢንጋልስ፣ አዴል ጎልድበርግና ባልደረቦቻቸው ይገኙበታል። ከእነዚሁ ባልደረቦች አንዱ የነበረው ላሪ ቴስለር የሠራው ብራውዘር የላይብረሪውን ኮድ በስክሪን ላይ እየመረጡ ለማንበብ አስቻለ። በስሞልቶክ 80 የብራውዘሩ የላይኛው ክፍል አራት ዝርዝሮች ነበሩት፤ እነሱም የክላስ ምድቦች፣ ክላሶች፣ የሜተድ ምድቦችና ሜተዶች ናቸው። የተመረጠው ሜተድ ኮድ ከታች ይታያል። የሜተድ ምድቦቹ፣ ለምሳሌ የሒሳብ ወይም የማነጻጸር፣ በፕሮግራሙ አሠራር ላይ ምንም ለውጥ አያመጡም፤ የተቀመጡት ለአንባቢው ብቻ ነው። አንድን ስም የያዙ ሜተዶችን ከየክላሱ፣ እንዲሁም እነሱን የሚጠሩትን ሁሉ አሰባስቦ የሚያሳይ ትእዛዝም ነበር። በተጨማሪም እንደ ሴሌክት፣ ሪጀክትና ዲቴክት ያሉ ስሞች በስብስብ ክላሶች ሁሉ አንድ ዓይነት ስለነበሩ፣ በአንዱ ክላስ የተማሩት ለሌላውም ያገለግል ነበር።

ይሁን እንጂ ብራውዘሩ የሚጠቅመው በይበልጥ ከየት እንደሚጀምር ለሚያውቅ ሰው ነው። ከስሞልቶክ ወገን የሆነውና በ1996 ከአፕል የወጣው ስኩዊክ ስም የማይጠይቅ መፈለጊያ አገኘ። ፕሮግራመሩ ግብዓቱንና የሚጠብቀውን ውጤት፣ ለምሳሌ 3፣ 4 እና 7ን ይጽፋል፤ መሣሪያው ጉዳት እንደማያደርሱ የታወቁ ሜተዶችን እየሞከረ የመደመሩን ሜተድ ያወጣል።

በሌላ በኩል ጃቫ ከ1996 ጀምሮ ጃቫዶክ በተባለው መሣሪያ በኮዱ ውስጥ ከተጻፉ ማብራሪያዎች የክላስ መግለጫ ገጾችን አዘጋጀ። በ1997 በወጣው የማይክሮሶፍት ቪዥዋል ቤዚክ 5 ደግሞ ኢንተሊሴንስ መጣ፤ ከኦብጀክቱ ስም በኋላ ነጥብ ሲጻፍ የኦብጀክቱ ሜተዶች ወዲያው ይዘረዘራሉ። መሰል ዝርዝር በሌሎች የኮድ መጻፊያዎችም ሲለመድ ፍለጋው ከነጥቡ የሚጀምር ሆነ፤ በሌላ ክላስ የተቀመጠ ሜተድ ግን በዝርዝሩ ስለማይወጣ ከዓይን ተሰወረ።

በጃቫ ሊስትን የሚደረድረው ሜተድ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ1998 ሜተዱ የተቀመጠው በሊስቱ ላይ ሳይሆን ኮሌክሽንስ በተባለ ረዳት ክላስ ውስጥ ነበር። ሊስት ኢንተርፌስ ነው፤ በወጣ ኢንተርፌስ ላይ ሜተድ መጨመር ኢንተርፌሱን የተገበሩ ክላሶችን ስለሚያበላሽ በኋላም ማዛወሩ ቀላል አልነበረም። ጃቫ 8 በ2014 ለኢንተርፌስ ሜተድ ኮድ መስጠትን ሲፈቅድ የሚደረድረው ሜተድ በሊስቱ ላይም ተጨመረ። ሲ ሻርፕ 3 በ2007 በሌላ መንገድ ሄዶ ነበር፤ ኤክስቴንሽን ሜተድ በሌላ ክላስ ውስጥ ቢጻፍም፣ የዚያ ክላስ የስያሜ ክልል (ኔምስፔስ) እስከተጠራ ድረስ ከነጥቡ በኋላ ይዘረዘራል።

የቦታው ጉዳይ በጥናትም ተፈትሿል። በካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ጄፍሪ ስታይሎስና ብራድ ማየርስ በ2008 ባወጡት ጥናት ፕሮግራመሮች ፍለጋቸውን ከተመሳሳይ ክላሶች የመጀመር ዝንባሌ አሳይተዋል። መነሻው ክላስ ሌላውን ተፈላጊ ክላስ የሚጠቅስ ሜተድ ሲኖረው፣ ሁለቱን አገናኝቶ ለመጠቀም ከ2.4 እስከ 11.2 እጥፍ ፈጥነዋል።

መፈለጊያ መሣሪያዎች የሚያሳዩት የላይብረሪው ጸሐፊ ያሰናዳውን ነው። ሜተድ በቀላሉ እንዲገኝ ከተፈለገ ስሙ፣ ምድቡና የሚቀመጥበት ክላስ ላይብረሪው ከመውጣቱ በፊት ሊታሰብባቸው ይገባል፤ ከወጣ በኋላ ማዛወር፣ ጃቫ እንዳሳየው፣ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል።