60 ዓመት ያለፈው የጓሮ ትራክተር ዛሬም ለምን ይነሳል?

እስኪ ሁለት ዕቃዎችን እናወዳድር። ከአምስት ዓመት በፊት የተገዛ ስልክ ባትሪው ሲደክም ብዙ ጊዜ የምንሰማው ምክር «አዲስ ግዛ» የሚል ነው። በአሜሪካ በ1963 የተሠራች አንዲት ትንሽ ትራክተር ግን ለ20 ዓመት ጎተራ ውስጥ ዝጋ ከቆየች በኋላ፣ አንድ ሰው በትርፍ ጊዜው በጥቂት ቁልፎችና በካቻቢቴ ፈታቶ፣ አጽድቶ፣ መልሶ ገጥሞ ያስነሳታል። ካስነሳት በኋላም ለዕይታ አያስቀምጣትም፤ ጓሮውን ያርስባታል፣ ሣሩን ያጭድባታል፣ በረዶ ሲጥል መንገዱን ይጠርግባታል።

በአሜሪካ፣ በካናዳና በእንግሊዝ አሮጌ የጓሮ ትራክተር መጠገን የብዙ ሰዎች የትርፍ ጊዜ ደስታ ነው። ጥያቄው ታዲያ እነዚህ ማሽኖች እንዴት ይህን ያህል ዕድሜ አገኙ የሚል ነው። «የድሮ ዕቃ ጠንካራ ነው» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ግን መልሱ ከዚያ ይሰፋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከፎቶ አንሺው እስከ ጎማ ፈረሱ

የጓሮ ትራክተር ስንል ገበሬ ሰፊ ማሳ የሚያርስበትን ግዙፍ ማሽን አይደለም። ቁመቱ ከሰው ወገብ ብዙም የማያልፍ፣ ክብደቱ ወደ 300 ኪሎ ግራም የሚጠጋ፣ ለቤት ዙሪያ ሥራ የታሰበ ትንሽ ትራክተር ነው።

ታሪኩ ከእርሻ ባለሙያ አይጀምርም። ቤንጃሚን ፍራንክሊን ግሬቭሊ የዌስት ቨርጂኒያ ፎቶ አንሺ ነበር። የአትክልት ቦታውን በእጅ መቆፈር ሲሰለቸው የሞተር ሳይክል ዕቃዎችን ከማረሻ ጋር አገናኝቶ፣ ሰው ከኋላ እየሄደ የሚነዳው ባለ ሞተር ማረሻ ሠራ። በ1916 የፈጠራ መብት ተሰጠው፤ በ1922 ደግሞ ደንባር በምትባለው ከተማ ኩባንያው ሥራ ጀመረ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በ1944 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ከጦር ሜዳ ለሚመለሱ ወታደሮች የቤት መግዣ ብድር አመቻቸ። በ1947 በኒው ዮርክ አቅራቢያ ሌቪትታውን የተባለው ሰፈር መገንባት ጀመረ፤ ሺዎች ተመሳሳይ ቤቶች፣ እያንዳንዳቸው ከነሣራቸው። እዚህ ላይ አንድ መራራ እውነት አለ፦ በሌቪትታውን ጥቁር አሜሪካውያን ቤት እንዳይገዙ ተከልክለው ነበር። ጓሮና ማጨጃ የ«ተራው ቤተሰብ» ምልክት በሆኑበት ዘመን፣ ያ ዕድል ለሁሉም ክፍት አልነበረም።

ከተማው እየሰፋ ወደ ገጠሩ ሲገፋ በመሃል አዲስ ዓይነት ሰው ተፈጠረ፤ ቀን ፋብሪካ ወይም ቢሮ የሚውል፣ ማታና ቅዳሜ ደግሞ ሰፊ ጓሮ የሚጠብቀው። ለዚህ ሰው የገበሬ ትራክተር ይበዛበታል፣ በእጅ የሚገፋ ማጨጃ ደግሞ ያንስበታል።

ክፍተቱን ቀድመው ካዩት አንዱ ኤልመር ፖንድ ነበር። በ1946 በኢንዲያና ግዛት ሳውዝ ቤንድ ከተማ ትንንሽ ትራክተሮችን መሥራት ጀመረ፤ ልጁ ሴሲል ፖንድ ደግሞ ሥራውን አሳደገው። ኩባንያው የታወቀበት ስም «ዊል ሆርስ» ነው፤ ሰረገላ ከሚጎትቱት ፈረሶች መካከል ለጎማው የሚቀርበውንና ዋናውን ጫና የሚችለውን ፈረስ ያመለክታል።

ቆየት ብለው ትልልቆቹ መጡ። ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር በ1960 «ካብ ካዴት»ን ለገበያ አቀረበ፤ ጆን ዲር ደግሞ በ1963 «110» የተባለውን ሞዴል በዊስኮንሲን ግዛት ሆሪኮን ከተማ ካለው ፋብሪካው አወጣ።

ጥንካሬው ከየት መጣ?

የመጀመሪያውን ካብ ካዴት ከኋላ ብትከፍቱት አንድ የሚገርም ነገር ታያላችሁ። ካምቢዮው የተወሰደው ያው ኩባንያ ከ1947 ጀምሮ ለትንንሽ ገበሬዎች ይሠራው ከነበረው «ፋርሞል ካብ» ትራክተር ነው። የኩባንያው መሐንዲሶች ለእርሻ የተሠራና የተፈተነ ዕቃ በእጃቸው ስለነበር እሱኑ ተጠቀሙ። በዚህ ምክንያት ሣር ለማጨድ የተገዛው ማሽን የእርሻ ትራክተር አንጀት ይዞ ወጣ። ጥንካሬው ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ ነበር፤ 60 ዓመት ያቆየውም ይኸው ትርፍ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ሞተሩ ነው። ካብ ካዴትም፣ ጆን ዲር 110ም፣ ብዙዎቹ ዊል ሆርሶችም ከዊስኮንሲኑ ኮለር ኩባንያ የተገዛ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ተገጥሞላቸዋል። የሲሊንደሩ አካል በሻጋታ የፈሰሰ ወፍራም ብረት ነው። ሲሊንደሩ ሲበላ መጣል አያስፈልግም፤ ጥቂት ይሰፋና መጠኑ ከፍ ያለ ፒስተን ይገባለታል።

ቀለማቸው የተለያየ ተፎካካሪዎች ተመሳሳይ ሞተር መጠቀማቸው ሌላም ውጤት አለው። የአንዱ መለዋወጫ ለሌላውም ስለሚሆን ገበያው ሰፊ ሆነ፤ ስለዚህ ዛሬም መለዋወጫውን አምርቶ መሸጥ ያዋጣል። ኩሽኔታዎቹና ቺንጋዎቹም ቢሆኑ መጠናቸው በቁጥር የታወቀ ነው። የተበላሸው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቦ ከየትኛውም ሻጭ መግዛት ይቻላል።

ሦስት ጥያቄዎች

የዛገች ትራክተር ፊት የሚቆም ሰው ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል፦ ሞተሩ አየር ያምቃል? ብልጭታ አለ? ነዳጅ ይደርሳል? ሦስቱ ከተሟሉና ጊዜያቸው ከገጠመ ሞተሩ ይነሳል።

መጀመሪያ እመቃው። ለዓመታት የቆመ ሞተር ውስጥ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር በዝገት ይጣበቃል። የቸኮለ ሰው በጉልበት ይመታውና ይሰብረዋል። የለመደው ግን ካንዴላውን አውጥቶ ቀጭን ዘይት ያፈስበትና ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይጠብቃል። ዘይቱ በጠባቡ ክፍተት ውስጥ ራሱ እየተሳበ ይገባል፤ የኩራዝ ክር ጋዙን ወደ ላይ የሚስብበት ያው ሕግ ነው።

ቀጥሎ ብልጭታው። በእነዚህ ሞተሮች ብልጭታው የሚወጣበትን ቅጽበት የሚወስኑት ሁለት ትንንሽ የብረት መነካኪያዎች ናቸው። በተነካኩና በተለያዩ ቁጥር የኤሌክትሪኩ ዑደት ይዘጋል፣ ይከፈታል። ዑደቱ በድንገት ሲቋረጥ በጥቅልሉ ሽቦ ውስጥ የነበረው መግነጢሳዊ መስክ ይፈርስና ከፍተኛ ቮልቴጅ ይፈጥራል፤ ያ ነው ካንዴላው ጫፍ ላይ የሚፈነጥቀው። በመነካኪያዎቹ መካከል የሚያስፈልገው ክፍተት ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። «ሞቷል» ተብሎ የተጣለ ስንት ሞተር እዚህች ቦታ ላይ የነበረ ቆሻሻ ሲጠረግለት ተነስቷል!

ሦስተኛው ካርቡሬተሩ ነው። አየር በጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ግፊቱ ይቀንሳል፤ በዚህ የተነሳ ቤንዚኑ ከታች ተስቦ ከአየሩ ጋር ይደባለቃል። በትምህርት ቤት የቤርኑሊን መርሕ የተማራችሁ፣ እነሆ በእጅ የሚያዝ ማስረጃ።

ዝገቱስ? እዚህ ኬሚስትሪ ይገባል። የዛገውን ብረት ሶዲየም ካርቦኔት በተበጠበጠበት ውኃ ውስጥ ነክረው ከባትሪ ቻርጀር አሉታዊ ጫፍ ጋር ያገናኙታል፤ ከአወንታዊው ጫፍ ጋር ደግሞ ሌላ ቁራጭ ብረት። ጅረቱ ሲያልፍ የዝገቱ አንድ ክፍል ወደ ጥቁር፣ በቀላሉ ወደሚፋቅ ነገር ይለወጣል፤ ከሥሩ ያለው ደህና ብረት ግን አይነካም። ግን ተጠንቀቁ፦ ሂደቱ ሃይድሮጂን ጋዝ ስለሚያወጣ ሜዳ ላይ፣ ከእሳት ርቆ ነው የሚሠራው። እንደ ሌላኛው ቁራጭ የማይዝግ ብረት መጠቀም መርዛማ የክሮሚየም ውህድ ይፈጥራል። የአሉሚኒየም ዕቃም አይነከርም፤ ውህዱ ይበላዋል።

ቀለሙን እንተወው ወይስ እንቀባው?

አሁን ወደ ታሪክ ተመራማሪው ጥያቄ ደረስን። ሞተሩ ተነሳ እንበል። የለቀቀውን ቀለም ፍቆ እንደ አዲስ መቀባት ይሻላል ወይስ እንዳለ መተው?

ጥያቄው የውበት ብቻ አይደለም። ለምሳሌ ጆን ዲር በ1960ዎቹ መጨረሻ ገደማ ከተለመደው አረንጓዴና ቢጫ ወጥቶ፣ ነጭ አካል ላይ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ ወይም ሰማያዊ ኮፈንና መቀመጫ ያላቸውን ትራክተሮች ለገዢ አቅርቦ ነበር። አብዛኛው ሰው አረንጓዴውን መረጠ፤ አንዳንዱም ባለ ቀለሙ ትራክተር በኋላ አረንጓዴ ተቀባ። ዛሬ አንድ ሰው ሳያስተውል ሁሉንም ቀለም ፍቆ አረንጓዴ ቢቀባው፣ ማሽኑ ያምራል፤ ያ ማስረጃ ግን ጠፋ። ስለዚህ ጠንቃቃዎቹ ከመፋቃቸው በፊት ፎቶ ያነሳሉ፣ መለያ ቁጥሩን ይመዘግባሉ፣ ከሥር ያለውን ቀለም ያያሉ። አሮጌ ቀለም እርሳስ፣ አሮጌ ፍሬንና ፍሪሲዮን ደግሞ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል አቧራውን እንዳይተነፍሱም ይጠነቀቃሉ።

ወደ ማሳው

ከተጠገነ በኋላ ይሠራበታል። ባለቤቶቹ በጸደይና በመኸር ማሳ ላይ ተገናኝተው በየትራክተራቸው የሚያርሱበት ቀን አላቸው። የሚጎትቱት ማረሻ ከእኛ የተለየ ነው፤ የእኛ አገር ማረሻ አፈሩን እየሰነጠቀ ሲሄድ፣ የእነሱ ጠማማ የብረት ክንፍ ስላለው አፈሩን ቆርጦ ይገለብጠዋል። በአንድ ትልም 20 ወይም 25 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው አፈር ይገለበጣል።

የመጀመሪያው ካብ ካዴት ጉልበት 7 የፈረስ ጉልበት፣ ማለትም 5,200 ዋት ገደማ ነው። አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲሠራ በአማካይ 75 ዋት ያወጣል ብንል፣ ይህች ትንሽ ሞተር የ70 ሰው ሥራ ትሠራለች ማለት ነው። ሆኖም ማሳ ላይ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው የሞተሩ ጉልበት ሳይሆን የጎማው አፈር የመቆንጠጥ አቅም ነው። ለዚህም ጎማው ላይ ሰንሰለት ይታሰራል፣ የብረት ክብደት ይጨመራል፣ ወይም ጎማው በውኃ ይሞላል። ድሮ ውኃው እንዳይረጋና እንዲከብድ ካልሲየም ክሎራይድ የተባለ ጨው ይጨመርበት ነበር። ዛሬ ብዙ ጠጋኞች ጎማውን ሲያወልቁ ቸርኬው በዚያው ጨው ተበልቶ ያገኙታል።

ታዲያ ምን ተለወጠ?

ከ1970ዎቹ ወዲህ ገበያው ተለወጠ። ብዙው ገዢ ጓሮውን አያርስም፤ የሚፈልገው ሣር ማጨድ ብቻ ነበር። ለዚህ ደግሞ ቀላል ሻንሲና ስስ ላሜራ በርካሽ ዋጋ ይበቃል። ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር የካብ ካዴትን ሥራ በ1981 ሸጠ፤ ዊል ሆርስም በ1986 ለቶሮ ኩባንያ ተሸጠ። ይህን እንደ ክፋት ብቻ ማየት ትክክል አይሆንም፤ ርካሹ ማሽን ብዙ ቤት ገብቷል፣ አዲሶቹም ነጂው ከመቀመጫው ሲነሳ ሞተሩን የሚያጠፋ መከላከያ አላቸው። የድሮዎቹ ብዙዎቹ ይህ የላቸውም፤ ጭሳቸውና ጩኸታቸውም የበዛ ነው።

ያጣነው ነገር ግን አለ። የ1963ቱ ትራክተር ሲሸጥ ባለቤቱ እንደሚፈታው ታስቦ ነበር፤ መመሪያ መጽሐፉም እንዴት እንደሚፈታ ይነግረዋል። የዛሬ ትልልቅ የእርሻ ትራክተሮች ግን ኮምፒውተር የተገጠመላቸው ናቸው፤ ብሎኑን መፍታት ብትችሉ እንኳ ብልሽቱን የሚያነብላችሁ ሶፍትዌር እጃችሁ ላይ ላይኖር ይችላል። በ2023 የኮሎራዶ ግዛት ገበሬዎች የራሳቸውን መሣሪያ እንዲጠግኑ አምራቾች መመሪያና ሶፍትዌር እንዲሰጡ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ጆን ዲርን ከሰሰ፤ ክሱ ኩባንያው የተሟላውን የጥገና ሶፍትዌር ለራሱ ወኪሎች ብቻ በመስጠት ገበሬውን አስሯል የሚል ነው። ኩባንያው ክሱን አልተቀበለም።

ከ60 ዓመት በፊት «110»ን የሠራው ያው ኩባንያ መሆኑን ልብ በሉ። ጥያቄውም ከትራክተር አልፎ ወደ ስልካችሁ፣ ወደ መኪናችሁና ወደ ልብስ ማጠቢያችሁ ይደርሳል፦ የገዛችሁትን ዕቃ ከፍታችሁ የመጠገን ዕድል አላችሁ ወይ?

መልሱን በራሳችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ቤት ውስጥ የተበላሸ፣ ቁራሌው ሊወስደው የደረሰ ዕቃ ፈልጉ፤ የቆመ የእጅ ሰዓት ወይም አሮጌ ብስክሌት ይሁን። ኤሌክትሪክ ያለው ከሆነ ከሶኬት ነቅላችሁ፣ ትልቅ ሰው አጠገባችሁ ይሁን። መለያ ቁጥሩን አንብቡ፣ መመሪያው ይገኝ እንደሆነ ፈልጉ። ከዚያ ስትፈቱት ስንቱ በብሎን፣ ስንቱ በማጣበቂያ እንደተያያዘ ቁጠሩ። ሠሪው ዕቃውን ሲቀርጽ ስለ እናንተ ምን እንዳሰበ እዚያ ላይ ታገኙታላችሁ።