«ሽፋን» ስንቱን ይሸፍናል?

አሜሪካ ቤት የገዙ ወገኖቻችን «የጎርፍ ሽፋን አለኝ» ሲሉ እሰማለሁ። ሽፋን የመጽሐፍም አለ፣ የደንም አለ፤ ሁሉም «ሸፈነ» ከሚለው ግስ የመጡ ናቸው። እግሩ ከብርድ ልብሱ ውጭ የቀረን ሰው ግን ማን «ተሸፍኗል» ይለዋል? «ከቨሬጅ» የሚለውን እንግሊዝኛ ተከትሎ የመጣው የኢንሹራንሱ ሽፋን ግን አንዱን ሸፍኖ ሌላውን ይገልጣል።

በ1968 እ.ኤ.አ. የተቋቋመውን የአሜሪካ መንግሥት የጎርፍ መድን ፕሮግራም እንይ። ለመኖሪያ ቤት ቢበዛ 250,000 ዶላር፣ ለዕቃ ደግሞ 100,000 ዶላር ይክሳል፤ የዕቃው ለብቻው ካልተገዛ የለም። መኪና አይገባበትም። ቤቱ እስኪጠገን ሆቴል የሚታደርበት ወጪም እንዲሁ። ቤዝመንት ውስጥ ያለውን ቦይለር ይክሳል፤ ሶፋውን፣ ቴሌቪዥኑንና ምንጣፉን ግን አያውቃቸውም (ያገራችን ሰው እንግዳ የሚያሳድረው ደግሞ እዚያው ነው!)። ጎርፉ ራሱ ያመጣው የመሬት መንሸራተት እንኳ አይካስም። ውሉም አብዛኛውን ጊዜ የሚጸናው ከ30 ቀን በኋላ ስለሆነ ደመና አይቶ መሮጥ አያዋጣም።

«መድን» ላይ ጠብ የለኝም፤ የ«ዳነ» ዘመድ ነው፣ ዋስነትንም ይዟል፣ ይቆይልን። በ«ሽፋን» ፋንታ ግን «የካሳ ወሰን» ብንል እመርጣለሁ። ወሰን ያለው ነገር ውስጥም ውጭም እንዳለው ገበሬው ሳይቀር ያውቃል። እናንተም ውል ከመፈረማችሁ በፊት «ወሰኑ እስከ የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።