ከጥላሸቱ ይልቅ ጨዉ

ስለ ጦር መሣሪያ ታሪክ ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ማን ተኮሰ፣ ማን ወደቀ የሚለው ነው። ከተኩሱ በኋላ መሣሪያው ራሱ ምን ይደርስበታል ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ዛሬ ታክሲ ብነዳም በአገር ቤት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ ያስተማርኩ ሰው ነኝና፣ ይህችን የተዘነጋች ታሪክ ላጫውታችሁ። ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አፄ ቴዎድሮስ በ1868 መቅደላ ላይ ሕይወታቸውን ያሳለፉበት ሽጉጥ ከእንግሊዝ ንግሥት ከቪክቶሪያ የተላከላቸው ስጦታ እንደነበር ታውቃላችሁ። የዚያ ዘመን ሽጉጥ የሚጎርሰው ጥቁር ባሩድ ነበር። ይኸውም ከመቶ 75 እጅ ፖታሲየም ናይትሬት፣ 15 እጅ ከሰል፣ 10 እጅ ድኝ ነው። ባሩዱ ሲነድ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ወደ ጋዝ አይለወጥም። ከፊሉ በጭስ መልክ ይበተናል፣ ከፊሉ በአፈሙዙ ውስጥ ይጋገራል። በ1896 አድዋ ላይ ውጅግራ ይዞ የዘመተው አባታችንም የሚያውቀው ይህንኑ ጥላሸት ነው። ዝቃጩ ከአየር እርጥበት እየሳበ ብረቱን ያዝጋል። መድኃኒቱ ግን ቀላል ነበር፤ በውኃ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ቅባት መቀባት።

በ1884 ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪዬይ ጭስ አልባውን ባሩድ ሠራ። ተኳሹ ከተኮሰ በኋላ ወደ አፈሙዙ ሲመለከት የቀድሞውን ጥላሸት አጣው። «እንግዲህ ውኃው ለምኔ?» አለና ዘይት ብቻ ቀብቶ ማስቀመጥ ጀመረ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሲያወጣው ግን ዝጎ አገኘው። ምክንያቱ ለብዙ ዓመታት አከራከረ። ገሚሱ ባሩዱ አሲድ ይተዋል አለ፤ ገሚሱ ብረቱ ጋዙን ውጦ ኋላ ያልበዋል አለ።

እውነቱን በ1922 ያወጣው የአሜሪካ መንግሥት የማዕድን ቢሮ ተመራማሪ ዊልበርት ሀፍ ነው። ጥፋተኛው ባሩዱ አልነበረም። በቀለሁ ቂጥ ላይ ተቀምጣ እሳቱን የምትጭረው ትንሿ ክፍል ውስጥ ፖታሲየም ክሎሬት ነበረበት። ይህ ሲቃጠል ፖታሲየም ክሎራይድ የሚባል ጨው ይሆናል፤ የገበታ ጨው የቅርብ ዘመድ ማለት ነው። ጨው ብረትን ምን እንደሚያደርግ ለታክሲ ነጂ አይነገረውም፤ ክረምት በመጣ ቁጥር በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው የመኪናችንን ሆድ ሲበላው እናያለንና። ዘይት ደግሞ ጨውን አያሟሟውም፤ ከላይ ይሸፍነዋል እንጂ። ጨዉን ጠርጎ የሚያወጣው ያ የተናቀው ውኃ ነበር።

በ1920ዎቹ መጨረሻ ጨው የማይተዉ ጥይቶች ለገበያ ቀረቡ። የአሜሪካ ጦር ግን ለአብዛኛው ጥይቱ እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በአሮጌው ቀመር ቀጠለ። ስለዚህ የጦሩ መመሪያ ሌላ ማጽጃ ሲጠፋ በውኃና በሳሙና እጠቡ ይል ነበር። ከ1951 ጀምሮ በኮሪያ የተዋጋው የቃኘው ጦራችን የታጠቀው የዚያን ዘመን የአሜሪካ መሣሪያ ነውና፣ ይህ ነገር የኛንም ሰዎች ይመለከታል።

የአፈሙዝ መበላት ግን ከዝገት የተለየ ነገር ነው። እንግሊዞች በ1889 ያወጡት ኮርዳይት የተባለው ባሩድ ከመቶ 58 እጅ ናይትሮግሊሰሪን ነበረበት። እሳቱ እጅግ ስለሚግል ጥይቱ የሚነሣበትን የአፈሙዙን ጉሮሮ ይበላው ነበርና፣ ኋላ ናይትሮግሊሰሪኑን ወደ 30 እጅ አወረዱት። ሽጉጥ ዘንድ ይህ ችግር ቀለል ይላል። ኮልት 45ን በመሰለ ሽጉጥ ውስጥ ያለው ግፊት የዚያ ዘመን የአሜሪካ ጠመንጃ ከነበረው ግማሽ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ብዙ አሮጌ ሽጉጥ የተበላሸው በጥይት ብዛት ሳይሆን በዝገት፣ ወይም ሰው የብረት ዘንግ ከፊት ጫፉ እያስገባ ሲፍቀው ነው።

አንባቢያን፤ ከመካከላችሁ በሕግ የተፈቀደ ሽጉጥ ያላችሁ፣ ወይም ከአባት የወረሳችሁ ትኖሩ ይሆናል። ከማጽዳታችሁ በፊት ጥይት አለመጉረሱን ደጋግማችሁ አረጋግጡ። የድሮ የጦር ሠራዊት ጥይት ተኩሳችሁበት ከሆነ ከዘይቱ በፊት ውኃውን አስታውሱ፤ ከዚያም በደንብ አድርቁት። የዛሬው ጥይት ጨው ባይተውም ብዙውን ጊዜ እርሳስ ይተዋል፤ እርሳስ ደግሞ ለሕፃናት አእምሮ መርዝ ነው። ስለዚህ እንጀራ በሚቀርብበት ጠረጴዛ ላይ አታጽዱት፣ ጨርቁንም ልጅ በሚደርስበት አትጣሉት፣ እጃችሁን ሳትታጠቡ ልጅ አትቀፉ።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ያ የአርባ ዓመት ገደማ ክርክር ነው። ጥላሸቱ ሲጠፋ አሮጌው ልማድ ለምን እንደነበረ ሳይጠየቅ ተጣለ፤ ያን ሁሉ ጠመንጃና ሽጉጥም የማይታየው ጨው በላው። እኛም በሰው አገር «ይህ እዚህ አያስፈልግም» ብለን ከአባቶቻችን ልማድ አንዱን ስንጥል፣ ያጥብልን የነበረው ምን እንደሆነ አስቀድመን ብንጠይቅ አይከፋም።

ቸር ይግጠመን።