በጣርማ በር ማን እሺ ይበል?

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የተጓዘ ሁሉ ጣርማ በርን አይረሳም፤ ጉሙን፣ ዋሻውን፣ ከዋሻው ማዶ የሚጠብቀውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ይገሠግሥ የነበረው የኢጣልያ ጦር እዚህ ሲደርስ መንገዱ ተንዶ ስለጠበቀው ቆሞ ለመጠገን ተገዷል። ሳያስፈቅድ የመጣን ያስቆመ በር ነው እንግዲህ።

እስቲ ዛሬ በዚያ ቁልቁለት መኪና ተገለበጠ እንበል። ራሱን የሳተ ተሳፋሪ ሐኪም ቤት ደረሰ፤ ሐኪሙም ከሁለት ሕክምና የትኛው እንደሚሻል በምርምር እየለየ ነው። ማንን ያስፈቅድ? ቁስለኛው አይናገር፣ ዘመዱ ያለው መንዝ፣ የሚፈሰው ደም ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም። ሲነቃስ? አንዱ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል፤ ሌላው «ለካስ መሞከሪያ አድርጋችሁኛል!» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው።

እ.ኤ.አ. በ1947 የወጣው የኑረምበርግ ደንብ ያለ ሰውየው ፈቃድ ምርምር የለም አለ። በኋላ የተሻሻለው የሄልሲንኪ መግለጫ ግን ራሱን ለሳተና ወኪል ላልተገኘለት በሽተኛ በብርቱ ገደብ ቀዳዳ ከፈተ።

ቀዳዳው ምን እንደሚያወጣ ጎረቤቶቻችን አይተውታል። እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2011 በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛንያ 3 ሺህ ያህል በጽኑ የታመሙ ሕፃናት በአንድ ጥናት ገቡ። ለተጨነቀ ወላጅ በአጭሩ ተነግሮት በቃሉ እሺ ይላል፤ ሙሉው ፈቃድ የሚጠየቀው በኋላ ነው። ውጤቱ አስደነገጠ፦ በደም ሥር በፍጥነት ፈሳሽ ከተሰጣቸው ከ100 ሕፃናት 10 ወይም 11 ያህሉ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲሞቱ፣ ካልተሰጣቸው የሞቱት 7 ያህል ናቸው። ያድናል ተብሎ የታመነው ነገር ይገድል ኖሯል! ጥናቱ ባይደረግ ማን ያውቅ ነበር?

ታዲያ ይህ ለተመራማሪ ነፃ ፈቃድ አይሆንም። በወላይታ ስለ እግር እብጠት በሽታ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጽሑፍ እንደሚያሳየው፣ በሽተኛው በምርምር ለመግባት ሲወስን ከወረቀቱ ይልቅ የሚያምነው የሚያውቀውን የአገሩን ሰው ነው።

አባቶቻችን ይህን ያውቁት ነበር። ጠጅ የሚቀዳ አሳላፊ አስቀድሞ በመዳፉ ይቀምስ የለ? ተመራማሪ ግን አይቀምስልንም። ስለዚህ አደጋው ሳይደርስ ገበያና ዕድር ድረስ ወርዶ ይንገረን፤ በሽተኛው ሲነቃም የተደረገውን ሁሉ ይግለጽለት፤ «ከእንግዲህ በቃኝ» ካለም ይስማው። እምቢ ማለት ያልቻለ ሰው እሺ ብሏል ማለት አይደለምና።